አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ

መብራት ከሄደብን ሦስተኛ ቀኑ ነው፤
ጢስ ዓባይ ቅርብ ነበር፣ ሽቦው ነው የራቀው።
ከዓሣው ገበያ እትዬ አንጓች መጣች፤
አንድ ሣጥን ቆሮሶ ለወፍ በትናለች።

ዋት ደመርኩ፣ ሰዓት ቆጠርኩ፣ ዋስትናም ሌላ፦
«ይኼኛው ርካሽ ነው፣ ቤንዚን ይጠጣል እንደ ጠላ።
ያኛው ድምፅ የለው፣ ዋጋው ነው የሚጮኸው።»
«ስንት ዓሣ ሸጬ ነው ዝምታ የምገዛው?»

«ይኼስ?» አለች፣ ትልቁን በጫማዋ ነካ አድርጋ።
«እሱማ ወንድ ነው! ክረምት አይል፣ በጋ፤
ፍሪጅሽን፣ ፓምፕሽን፣ ጎረቤት ጨምሮ ይችላል፤
ብቻ ትንሽ ይከብዳል፤
ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው፣ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ።»

ዝም አለች።
እጀታዎቹን አየች፣ የቀኙን፣ የግራውን።
ምላሴን ነከስኩ። ረስቼው ጋሼ ፈንቴን፣
በጥቅምት የቀበርነውን።

ጎንበስ ብላ ጥግ ያለችውን ትንሿን አነሣች፤
ከመደርደሪያው እስከ ባጃጁ፣ ከባጃጁ እስከ በር፣
አንዴም ሳታሳርፍ፣ ርምጃ ስትቆጥር።
መልሳ አስቀምጣ ገመዷን ሳበች፤
አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ጮኸች።

«ይቺ እኮ ከፍሪጅ ሌላ አትችልም» ብላት፣
«ፍሪጁን ትቻለኝ። እኔን ቻይ ማን አላት?»

ብሩን ቆጠረች፤ ቅርፊት የተጣበቀበት ብር።

ባጃጁ ሲነሣ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሮጥኩ፤
«ከቤት ውጭ አስነሻት! ጭሷ ይገድላል!» አልኩ።
መንገዱ በሙሉ ሞተር ይጮሃል፤ ትስማኝ፣ አትስማኝ፣
እጇ ብቻ ከዘንባባው ሥር ስትወዛወዝ ታየኝ።