ከጆንያው ግርጌ

በርበሬ ስገዛ
ከላይ ያለውን አላይም፤
ከላይ ያለው ሁሌም ቀይ ነው፣ ሁሌም ደረቅ፣ ሻጭ አይሞኝም።
እጄን እሰዳለሁ እስከ ክርኔ ድረስ፣
ጣቴ ከጆንያው ግርጌ፣ ከእርጥቡ እስኪደርስ።
ያቃጥለኛል። ይሁን።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ክንድ ነው የኖርሁት፤
ውሃ የጠጣ በርበሬ ስንቱን ነጋዴ እንዳከሰረ ያየሁት።

የእህቴ ልጅ ሽታሁን ትናንት አመሻሽ መጣና
ስልኩን ዘረጋልኝ፣ ከመጋዘኑ ደጅ ተቀመጠና፤
«አክስቴ፣ ስም ገዛሁ።»
«የማንን ስም?»
«ማንም ያልያዘው፤
በኢንተርኔት መሬት ላይ ቀድሜ ችካል የተከልሁበት ነው።
ዶሜን ይባላል። ቤት አልሠራበት፣ አላርሰውም፤
እንዲሁ አቆመዋለሁ፤ ዘበኛም አያሻውም።
መንገድ የሳተ ሰው ፊደል ተሳስቶ ሲገባ
ማስታወቂያ ያያል፤ ሳንቲም ጠብ ትላለች እንደ ግራር እንባ።
ስድስት አሉኝ፤ አራት ብትጨምሪልኝ ደግሞ
ድርሻዬ እጥፍ ይሆናል፤ ኩባንያው ቃል ገብቷል ፈርሞ።»

ጠየቅሁት፣ ገበያ እንዳስተማረኝ፦
«ፊርማውን አየኸው?» «ስልኬ ላይ አለልኝ።»
«ሰውየውንስ?» «ድምፁን ሰምቻለሁ።» «አገሩ የት ነው?»
«ሩቅ።» «ሩቅ በአውቶቡስ ስንት ብር ነው?»
ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«እስካሁን ስንት አገኘህ?»
አረንጓዴ ቁጥር አሳየኝ፦ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ዶላር፤
እንደ ሆቴል ደጅ አምፖል፣ ዓይን ሲያባብል እንዴት ያምር ነበር!
«እንግዲያ አስሯን ብቻ አውጣት፣ በእጄ ልዳስሳት።»
ራሱን አከከ።
«አምስት መቶ ካልሞላ አይወጣም።» «ሲሞላስ?»
«ሲሞላ… የማረጋገጫ ክፍያ አለው።»
«ስንት?»
ዝም አለ። ዝምታው ነበር ግርጌው።
እርጥብ ነው። ክንዴን ሳልሰድ ታወቀኝ፤
ሲቀበል የሚሮጥ፣ ሲከፍል የሚያነክስ ነጋዴ
ደንበጫ ላይ እኔንም በልቶኛል አንዴ።

ግን ደግሞ በሚዛን ነው የምኖረው፤
ስም ዋጋ የለውም የሚል ይህን ከተማ አያውቀው።
ትናንት ወጀት ሲሉት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም፤
አፈሩ ያው አፈር ነው፤ የድሮ ባለርስት ቢነሣ ግን ዋጋውን ሰምቶ አያምንም።
የእኔስ የመጀመሪያ ደንበኛ መንገድ የሳተ አልነበረም ወይ?
«የቡሬ መኪና የት ነው?» ሊል ገብቶ፣
ሁለት ኪሎ ገዝቶ፣
መኪናው አምልጦት፣ እያስነጠሰ የወጣው ተደስቶ።

«ስሞቹን ጥራልኝ» አልሁት። ጠራቸው አንድ በአንድ፤
አንዱ የጫማ፣ አንዱ የመድኃኒት፣ አንዱ የጉዞ መንገድ።
ስድስተኛው ላይ ድምፁ ወረደ፦
«ማንጠግቦሽ በርበሬ፣ ነጥብ ኮም።»

የእኔ ስም።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለ፣ «ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ።»
ደስታና ንዴት ባንድነት ጉሮሮዬን ያዘኝ።
«እስቲ ቤቴን አሳየኝ።» ነካው። ተከፈተ።
መላጣ ላይ ጠጉር የሚያበቅል ቅባት። የቁማር መንኮራኩር። በሦስት ቀን የሚያከሳ ሻይ።
በርበሬ የለ። እኔ የለሁ። «ቤቶች!» ቢሉ የለም አቤት ባይ።

ሽታሁን፣ ልጄ፣
ይክፈሉህ አይክፈሉህ፣ እሱን ጊዜ ይፍታው፤
ስሜን ጠርቶ የመጣን እንግዳ ግን ማን ነው የሚቀበለው?
በሩ ተከፍቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ባለቤት የሌለበት ቤት
በእኛ ሰፈር ከታየ፣ ወይ ሌባ ገብቷል ወይ ሞት።

የአራቱን ስም ብር አልሰጠሁትም።
«ያን ቁማር አውርደህ የሚዛኔን ፎቶ ስቀልበት፣
ስልኬንም ጻፍበት» አልሁት፤
ለዚያ መቶ ብር ሰጠሁት።
አኩርፎ ሄደ።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ።
ሚዛኔ ገና አልተሰቀለም። ቁጥሩ ሦስት መቶ ዘጠና ገብቷል አሉ።
እኔ አላምንም። ጆንያው እርጥብ ነው፣ ነግሬዋለሁ፤
ማታ ግን መጋዘኑን ቀርቅሬ፣ እጄን ታጥቤ፣
«ዛሬስ ስንት ደረሰ?» ብዬ እደውላለሁ።