ውሃ ቀዳሁ

የኒዶ ጣሳ ታቅፋ መጣች፣ ወይዘሮ ያምሮት፤
ክዳኑን በጥፍሯ ፈልቅቃ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው።
ፊልም ነው፤ ጥቅልል፣ ቁራጭ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣
ከጣና እርጥበት ጋራ አርባ ክረምት የዘለቀ።
አንዷን መዘዘች፤ በመስኮቱ ብርሃን አይታ፣
«እናቴ ናት» አለችኝ።
«ሰውዬውን አጥፋልኝ» አለች፣ ቆይታ።

በዋጋ ተስማማን።
ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ስካነሩ እያቃሰተ አነበባት፤
ስክሪኔ ላይ የወጣው ባሕር ዳር ሌላ ባሕር ዳር ነው፦
ሰማዩ ጥላሸት፣ ሐይቁ ሬንጅ፣
የወደቡ ጥቁር ድንጋይ እንደ ጨው የነጣ፣
የልጅቷ ነጠላ ከሰል፣ ጸጉሯ ሽበት ብቻ፤
ያልደረሰችበትን እርጅና ፊልሙ አበድሯት።
ሰውዬው ከጎኗ ቆሟል። ፊቱን በመርፌ ፍቀውታል፣
ሳይቸኩሉ፣ ደጋግመው።
የተፋቀ ፊልም ብርሃን ያሳልፋልና
በዚያ ሁሉ ጨለማ መሀል የሚበራው የሱ ፊት ነው።

ገለበጥኩት።
ሰማዩ ነጣ፤ ጸጉሯ ጠቆረ፤ ሃያ ዓመቷ ተመለሰ።
የሱ ፊት ጉድጓድ ሆነ።

መጀመሪያ አቧራውን ለቀምኩ፣
ምስር እንደሚለቅም ሰው፣ አንድ በአንድ።
አንዷን ነጥብ ባጎላት ክንፍ አላት፤
ይብራ ናት። ተውኳት።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።
ልጅ ሳለሁ በጄሪካን ከቀዳሁበት ዳር
ዛሬ በማውስ ውሃ ቀዳሁ፤
ከግራው ቀድቼ ጉድጓዱ ላይ ደፋሁ፣
ከቀኙ ቀድቼ ደረቱ ላይ፣ ኮቱ ላይ፤
መብራት ሳይሄድብኝ፣ ቶሎ ቶሎ፣
እስከ ጫማው ድረስ ሞላሁት።
ፎቶ ማጠብ ያስተማረኝ ጋሽ አንለይ
እንዲህ ያለ አጠባ አላሳየኝም።

አራት ጣቶች ቀሩ፣ ትከሻዋ ላይ።
ነጠላዋን ከክንዷ ቀድቼ አለበስኳቸው።
ጣቶቹ ሄዱ፤
ነጠላው ግን እጅ እንዳረፈበት ጨርቅ እንደተጨማደደ ነው፣
ትከሻዋም በዚያ በኩል ዝቅ እንዳለ።
ክብደትን በምን ያጠፉታል?

አመሻሽ ላይ ዝናብ መቷት መጣች።
ስክሪኑ ፊት ቆማ፣ ቆማ፣
«ውሃው» አለች፣ በጣቷ እየነካች፣
«እዚህና እዚህ አንድ ነው።»
እውነቷን ነው። ያው ሞገድ፣ ያው ነጭ ጫፍ፣
መንታ ሆኖ፣ ጎን ለጎን።
ጣና እንዲያ አድርጎ አያውቅም።
አፈርኩ። «ቆይ፣ ላስተካክለው» አልኳት።

«ተወው» አለች፣
«የት ቆሞ እንደነበር ልወቅበት።»

ከፈለችኝ። ጣሳውን ትታው ሄደች።
ክዳኑ አልገጥም ብሎኛል።