አሻጋሪው

መስታወት ሳይግል ነው ይህ ሥራ የሚያምር።
የቅርያት ጋት ፀሐይ ከረፈደ አትምር፤
ሙጫው ይቸኩላል፣ ጣት ይከተለዋል፣
የተጣደፈበት ፊደል ይጨማደዳል።

ስለዚህ በማለዳ ባልዲዬን ይዣለሁ፣
ከጋራዡ ጎን ካለች ሱቅ ደጃፍ ቆሜያለሁ።
ባለቤቷ ከውስጥ፣ ስልሳ ስድስት ዓመቷ፣
የቁልፍ ጠርሙስ ይዛ በሁለት ጉልበቷ፣
«ጠማማ እንዳታደርገው» ትላለች ደጋግማ፤
እኔ የማምነው ሜትሬን፣ ሰውን አልሰማ።

ባለፈው ሳምንት ንድፉን አመጣሁላት፣
ስሟን በትልቁ ጽፌ ሰጠኋት።
መነጽሯን አጥልቃ፣ ቆይታ ቆይታ፣
«የማን ነው ይሄ ስም?» አለችኝ ተቆጥታ።
«የእርስዎ ነዋ፣ እትዬ!»
«አይደለም። የኔ ዐይኑ ክብ ነው።
ይሄ ሁለት እግሩን ተክሎ የቆመው ማነው?»
«አውም ዐውም ያው ናቸው፤ ድምፁ አይለይም» አልኋት።
«ድምፁን ማን ጠየቀህ?»

ገዳሪፍ፣ ድንኳን ሥር፣ ወንድሟ አድማሱ
አሸዋ ላይ በጣቱ ክብ ሠራላት እሱ፤
«የስምሽ በር ይቺ ናት» አላት።
«ከዚያች ክብ በቀር የማውቀው ፊደል የለም፤
አድማሱም ከዚያ ወዲያ አልሄደም፣ አልመጣም።»

እዚህ ስትደርስ ጸሐፊዋ ጆሮዋን አዘነበለች፣
ዐይናዲስ ሲሏት ኤናት ብላ ጻፈች።
«ገና ሳልወልድ» ትስቃለች፣ «እናት ብለው ጠሩኝ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ በዚሁ ስም ከፈሉኝ።»
ፋብሪካው ተዘግቶ ማሽኑ በኪሎ ሲሸጥ
አንዱን ገዛችው። ይኸው፣ ከጥግ ተቀምጧል፣
ዘይት ዘይት ይሸታል።

ማታውን እንደገና ቪኒሉን ቆረጥሁ፣
በመርፌ ጫፍ ትርፉን አንድ በአንድ ለቀምሁ።
የዐ ሆድ አስቸጋሪ ናት፤ ብሌኗን ስታወጣ
ቀለበቱም አብሮ ይነሣል በቁጣ።

ከዚያ አሻጋሪው ቴፕ፣ ወተት መሳይ፣ ስስ፣
በፊደሎቹ ላይ ይተኛል ቀስ።
ሙጫው መካከለኛ ነው፣ ጥበቡም ይሄው ነው፤
ለማንሣት ይበቃል፣ ለማስቀረት ሰነፍ፤
በጣም ከወደደ አይለቅም፣
ካልወደደ ደግሞ በትኖ ይጥላል ከደጃፍ።

አሁን መስታወቱ ላይ። የሳሙና ውሃ ረጨሁ፣
በእርሳስ ካሰመርሁት መስመር አስጠጋሁ፣
ከመሀል ወደ ዳር በመዳመጫ ገፋሁ።
ውሃው በጎን ፈሰሰ፤ አንዲት ግትር አረፋ
ከዲ እግር ሥር ተሸሽጋ ቀረች ተነፍታ።
በመርፌ ወጋኋት፤ ተነፈሰች።

«ለአት፣ ለአት» ይለኝ ነበር ያስተማረኝ ኒሲም፤
«ቀስ» ትለኝ ነበር እናቴ። ጣቴ ልዩነቱን አያውቅም።
ቴፑን ወደ ራሱ አጥፌ፣ ከመስታወቱ ሳላርቅ፣ ስስበው
ዐ ቀረች፣ ይ ቀረች፣ ና፣ ዲ፤
ስ እምቢ አለች፤ እግሯ ከቴፑ ጋር ተነሣ።
መለስሁት። ዳመጥሁ። ትንፋሼን ይዤ ደግሜ ሳብሁ።
ቆመች።

ከላይ በዕብራይስጥ «ቲኩኔ በጋዲም»፣ ከቀኝ ወደ ግራ፤
ከሥሩ ስሟ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣
ጠባብ መንገድ ላይ እንደተላለፉ ሁለት ሰዎች።

«ና እስቲ ግባ» አለችኝ። «ከዚህ ሲታይ ተገልብጧል።»
ገባሁ። እውነቷን ነው፤ ከውስጥ ሲታይ
የኛው እንደ ዕብራይስጥ ይሄዳል፣ ዕብራይስጡ እንደኛ፤
ዲ ፊቷን አዙራለች፣ ና ጀርባዋን ሰጥታለች።
«የሚነበበው ከውጭ ነው፣ እትዬ» ልላት ስል
እሷ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀምጣለች፤
ዐይኗ ክቧ ላይ ነው።
ክቧ አልተገለበጠችም።
ከውጭም ያችው ናት፣ ከውስጥም ያችው፣
ፀሐይ ገብቶባት ጥላዋ ወለሉ ላይ ወድቋል፣
ልክ አንድ ጣት እንደሠራት።

ቴፑን ጠቅልዬ ልጥል ስል፣ «እሱስ?» አለች።
«ሥራው አልቋል፣ ይጣላል።»
ከእጄ ወሰደችው። ከመስቀያው ጥቁር ኮት አወረደች፣
ትከሻው ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገችው፤
ነጭ ክር፣ የድመት ጠጉር፣ ብናኝ አነሣ።
«ገና ይይዛል» አለች፣
ከሒሳቤም ላይ ሃያ ሼቄል ቀነሰች።