ርክክብ

ከንቲባ ሲሻርና ከንቲባ ሲሾም፣
በመሃል አንድ ቀን፣ ቤቱ ባለቤት የለውም።
ያቺ ቀን የእኔ ናት።
እርሳሴን ቀርጬ፣ ካርቦኔን በወረቀት መሃል አንጥፌ፣
በጓሮ በር እገባለሁ፣ ዘበኛውን ዋቅጅራን አልፌ።

ሃያ ስድስት ዓመት በንብረት ክፍል ሠራሁ፤
ስንት ሹም ገባ፣ ስንት ሹም ወጣ፤ እኔ ወንበር ቆጠርሁ።
ወንበር፣ ባለ መደገፊያ፣ ዐሥራ ሁለት፤ የአንዱ እግር የተሰበረ።
መስታወት፣ ትልቅ፣ ከነፍሬሙ፤ ማንን እንዳየ ያልተናገረ።

ቤቱን ያሠራው ነጋድራስ ይናዱ ነው፣ በሰም ነግዶ ወርቅ ያገኘ፣
ድንጋዩን ከቀበና በአህያ አስጭኖ፣ ባለ ሰገነት የተመኘ።
እንጨቱን አርመኑ ካራፔት ነው የፈለፈለው፤
ወይን በማያውቅ ሰፈር፣ የበረንዳውን ቋሚ በወይን ሐረግ የጠቀለለው።
ጣሊያን በመሃል ነበረበት፣ ኮሎኔል፤ ትቶት የሄደው ገንዳ ነው፣
ባለ አንበሳ እግር፣ «የማይሠራ» እያልሁ የምጽፈው፣ ዘንድሮም እንዳምናው።

ይህ ሁሉ በመዝገቡ የለም።
መዝገቡ የሚጀምረው ከስድሳ ሰባት ነው፣
«ትርፍ ቤት፣ አንድ» ብሎ።
ነጋድራሱ ዕድሜ ልኩን ትርፍ ሲያሳድድ ኖሮ፣ እንኳን ሞተና አልሰማ፣
ቤቱ ራሱ ትርፍ መባሉን፣ በራዲዮ፣ በሐምሌ ጨለማ።

ከዚያ ካኪ የለበሱ ሊቀመንበር ገቡ፤ ሳሎኑ ውስጥ ጉባኤ ቆመ፤
በግድግዳው ላይ ሦስት ሚስማር፣ ሦስት ጢማም ምስል ተሸከመ።
ምስሎቹ ወረዱ። ሚስማሮቹን መዘገብሁ።
ከዚያ ወዲህ የመጡትን ከንቲባዎች
ስማቸውን ሳይሆን መጋረጃቸውን አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ጓዳው በር።

መቃኑ ስምንት ጊዜ ተቀብቷል፣ እያንዳንዱ ሹም በራሱ ቀለም፤
ክሬም፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ደግሞ እንደገና ክሬም።
ጣት ሲያልፍበት ግን፣ ቀለም ያልደፈነው ነገር አለ፤
በጩቤ የተቦጨረ መስመር፣ አንዱ ካንዱ ከፍ ያለ።
የልጅ ቁመት ነው። ዝቅተኛው ከጭኔ ይነሣል፤
ደረት ኪሴ ጋ ሲደርስ፣ ድንገት፣ ያልቃል።

አንድ የርክክብ ቀን፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ወይዘሮ አሰለፈች መጡ፤
«መጸዳጃ ላስቸግርህ» ብለው፣ ዋቅጅራን አባብለው ዘለቁ።
ቤቱን አልጠየቁኝም። ካሳም አልጠየቁኝም።
ጃንጥላቸውን ከወለሉ አስተኝተው፣
ጀርባቸውን ለመቃኑ ሰጡ፣ ተረከዛቸውን አጋጥመው።
«ለካኝ።»
እኔ ዕቃ እንጂ ሰው ለክቼ አላውቅም።
እርሳሴን ከሽበታቸው ላይ አጋደምሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ከላይኛው ጭረት አንድ ስንዝር ነበር የበለጠ።
ዞረው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።
«አባዬ ይቺን የቦጨረ ዕለት ነው ጣሊያን ገባ የተባለው፤
ከዚያ ወዲያ» አሉ፣ «ማንም አልለካኝ።»

ሲሄዱ ቅጹ ላይ፣ ከገንዳው በታች፣ ጨምሬ ጻፍሁ፦
«መቃን፣ የጓዳ በር፣ አንድ። ጭረት ያለው። ቀለም እንዳይነካው።»
አዲሱ ከንቲባ ሳያነቡ ፈረሙ። ማኅተሙም አረፈበት።

ማኅተም ቀለም አይመልስም። በጥቅምት ግንበኛ መጣ፣
ነጭ ቀባው። እርሳሴ ከነጩ ሥር ቀረ፤
የነጋድራሱ ጩቤ ግን ዛሬም ለጣት አልጠፋ።

ወይዘሮ አሰለፈች አርፈዋል፤ ዋቅጅራ ነው የነገረኝ፣
ለቅሶው ቀበና ነበር አለ፣ እኔ አልሄድሁም፣ ማን ብዬ?

ነገ ርክክብ አለ። ቅጹን አዘጋጅቻለሁ።
ቁመታቸውን አልረሳሁም፣ አገጬ ጋ ነበር፤
እርሳሱን ትቼ፣ ሰንጢ ይዣለሁ።