መጋረጃው ቀድሞ መጣ

ባሕር የለንም እኛ፤ ጉም ግን አለን፣
ክረምት ሲጋመስ ገደሉን ሞልቶ ደሴት የሚያደርገን።
ያኔ መሐል ሜዳ ካገር ትለያለች፣
ከጓሳ ሣር ጋራ ብቻዋን ትቀራለች፤
ከጣርማ በር ወዲያ የቀረው አይሱዙ
እንደ ጠፋ ጀልባ ይጠበቃል ጓዙ፦
ስድስት የስፖንጅ ፍራሽ፣ መስታወቱ ከተረፈም አንድ ቁም ሣጥን፣
በዱቤ የመጣ፣ በስለት የሚጫን።

ሱቃችን ቤታችን፣ ቤታችን ሱቅ ነው፤
የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ነው፣
እሱም ቢሆን ዋጋ ተለጥፎበታል።
የተቀመጥንበት ወንበር ይሸጣል።
ምሳ ሳንጨርስ አጥናፍሰገድ ደንበኛ አስከትሎ ይገባል፣
ሳህን ሳህናችንን ይዘን እንቆማለን፤ ጠረጴዛው ይወጣል።
እናቴ፣ "ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል" ትላለች፣ እንጀራዋን አጥፋ።
አባቴስ በዕድሜው ስንት ተቀመጠ፣ ስንት ዓይነት ሶፋ!
አንዱንም አላሞቀው፤
ጀርባውን ሳያስደግፍ ከሥሩ ሸጡበት።

አባቴ ጓዳ ነው፤ ከበግ ጠጉር ባና ይሸምናል፣
ጥቁሩን ከነጩ ሳይቸኩል ያጋባል።
ወንድሜ ስልኩን ከፍቶ የከተማ ሳሎን አሳየው አንድ ማታ፦
ግራጫ ሶፋ፣ ግራጫ ግድግዳ፣ ግራጫ ትራስ በተርታ።
አባቴ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፤
"ሰዎቹ ማን ሞቶባቸው ነው?" አለ፣
ወደ መወርወሪያውም ተመለሰ።

እኔ ሜትር ያዥ ነኝ። ሶፋ ሳልሸጥ በፊት በር እለካለሁ፣
የመንዝን በር የሠራው ብርድ እንጂ አናጢ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እትዬ ወሰንየለሽ ከአፋፉ መጡ።
"መጋረጃ" አሉ፣ "ቀይ፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው።"
ስፋቱን ብጠይቅ እጃቸውን ዘረጉ፦ "ይሄን ያህል።"
የሰው እጅ አላምንም፤
ሜትሬን ኪሴ ከትቼ ሁለት ሰዓት ጭቃውን ተከትያቸው ወረድኩ።
ቤቱ ድንጋይ ነው፣ አያት የካበው።
ገባሁ። ግድግዳ።
ዞርኩ። ግድግዳ።
"መስኮቱስ?" አልኩ።
"እሱማ የለም። መጋረጃው ይምጣ እንጂ፣ መስኮት ይወጣለታል።"
ትንሽ ዝም አሉና፣
"ሟች፣ ነፍሱን ይማረው፣ መስኮት ሌባ ነው ይል ነበር፤
የምድጃ ሙቀት ይሰርቃል።
አርባ ዓመት ዝናቡን በጆሮዬ ነው የማውቀው።"

ምን ይባላል? ያልተወለደ መስኮት ለካሁ፣
ዘጠና በመቶ ሃያ፣ አራቱን ማዕዘን በከሰል ነካሁ።

ማታ ለቤተሰቡ ሳወራ ወንድሜ ሳቀ፣
እናቴም ሳቀች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።
አባቴ ግን መወርወሪያውን አቆመ፤
"የዘርፉን ሒሳብ አትያዢባቸው" አለ።

ኅዳር ነው፣ ውርጩ ሣሩን አንጭቶ፣
እትዬ ወሰንየለሽ መጡ፣ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈትተው ዱቤያቸውን ቆጠሩ።
"መስኮቱስ?" አልኩ።
"አይ ልጄ! ለካ ጎረቤቴ ጎብጣለች።
ለካ የጽዱ ጫፍ ከጣራው አልፏል።
ጉሙ ሲሞላ ደግሞ
የናንተ አምፖል ማዶ ብቅ ይላል፤ ሽንቴን ልሸና ስነሣ አየዋለሁ።"
ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
ሟች እንዳይሰማቸው ይመስል፣
"እውነቱን ነበር ግን። ብርድ ያስገባል። ባና አላችሁ?"

አባቴ ከጓዳ ወጣ፣
ጥቁርና ነጩን ባና በሁለት ክንዱ አቅፎ።
አጥናፍሰገድ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
"ዋጋው ስንት ነው አባዬ?" አለ።
"እሳቸው ቁጭ ይበሉና ነዋ!" አለ አባቴ፣ ዙሪያውን እያየ።
ወንበር የለም። ሶፋውም ጠዋት ሄዷል።

ባናውን መሬት ላይ አነጠፍነው፤
ሁላችንም ላዩ ላይ ተቀምጠን
በዋጋው ተከራከርን።