ጓንትሽን አታውልቂ

ቢላዋው ሳይለምድሽ፣ ሳምንት ሳይሞላሽ፣
«የቱን አክሲዮን ልግዛ?» አልሽኝ፣ ጁ-ሂ፣ እኔን አዋቂ ብለሽ።
ስሚኝ እንግዲያውስ፣ እጅሽ ሥራ አይፍታ፣
ዛጎሉ ይከፈት፣ ወሬው በጨዋታ።

ይህች የኛ ቶንግዮንግ ክረምቷ ጨካኝ ነው፣
ከንጋት እስከ ማታ ቆመን የምንውለው
በዛጎል ቁጥር አይደለም፣ በሥጋ ኪሎ ነው የሚታሰብልን፤
ትልቁን ዛጎል ከፍተን ውስጡ ውሃ ቢሆን፣ ማንም አይከፍለን።
ይህን እያወቅሁኝ፣ ሃያ ሦስት ክረምት በዚህ ጠረጴዛ፣
ገበያው ስገባ ዛጎሉን ስገዛ!

የፒል-ሱን የእህት ልጅ፣ ሴኡል የሚኖረው፣
የመርከብ ባትሪ የሚሠራ ድርጅት ስሙን በጆሮዋ አንሾካሾከላት፤
«ላንቺ ብቻ» አላት።
እሷም ለኔ ብቻ፣ እኔም ለጎረቤቴ ብቻ፣
ጎረቤቴም ለጫኙ፣ ለበረዶ ሻጩ፣ «ላንተ ብቻ» እያለች፣
ያቺ ሚስጥር እንደ ጉንፋን ወደቡን አዳረሰች።

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ገበያው ሲከፈት፣
ጓንቴን በጥርሴ ጎትቼ አወለቅሁት፤
ስልክ በጎማ ጣት አይታዘዝም፣ ታውቂያለሽ።
ጨው በበላው ጣቴ፣ ብርዱ ባቀላው፣
«ግዛ» የሚለውን ነካሁት።
ለልጄ ኮሌጅ ያስቀመጥኩትን፣ የሦስት ዓመት ላቤን፣
ባንድ ጠዋት፣ ባንድ ጣት።

በኛ ገበያ ቀይ ማለት ትርፍ ነው፣ ሰማያዊ ኪሳራ፤
በመጀመሪያው ሳምንት ስልኬ ፍም መሰለ፣ ፊቴም አብሮ በራ።
አዋቂ ሆንኩ እኮ! ላገር ሁሉ መካሪ፤
ፒል-ሱን «ከፊሉን እንሽጥ» ብትል፣ ሳቅሁባት፣ «ፈሪ!»

ከዚያ ሰማያዊው መጣ።
ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ሰማያዊ ቀለም ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።
ሲወርድ «ረከሰ» ብዬ ጨመርኩበት፤
ደግሞ ሲወርድ ተበደርኩበት።
የበሰበሰ ዓሣም ማታ ማታ ይረክሳል፣ ጁ-ሂ፤
ይህን ዓሣ ላይ አውቀዋለሁ፣ ስልክ ላይ ጠፋኝ።

አንድ አመሻሽ ከደላላው ቤት «ጎዶሎውን ያሟሉ» የሚል መልእክት ገባ፤
ከየት? ከባሕሩ? ስደምር ስቀንስ ነጋ፣ ያለ እንቅልፍ፣ ያለ ዕንባ።
ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣ እኔን ሳይጠይቁ ሸጡት፣
በአርባ አንድ ሺህ ዎን የገዛሁትን ባሥራ ዘጠኝ አወጡት።

ለባሌ የነገርኩት በስምንተኛው ወር ነው።
አልተቆጣም። የጀልባውን አሮጌ ቀለም ይፍቅ ነበር፤
ፍቆ ፍቆ፣ እንጨቱ እስኪታይ፣
ከዚያም በኋላ ፋቀ።

ጉንዳን ይሉናል እዚህ አገር፣
በጥቂት ገንዘብ ገበያ የምንወጣውን የኛን ዘር።
ስሙ አልከፋኝም። ጉንዳን ቅንጣት በቅንጣት ጎተራ ትሞላለች፤
እኔን ያጠፋኝ ጉንዳን ሆኜ እንደ ፌንጣ መዝለሌ።

አሁንማ ደሞዝ በገባ ማግስት፣
ቀይ ቢሆን ሰማያዊ፣ ያችኑ ጥቂት እገዛለሁ፤
የብዙ ድርጅት ቁራጭ ባንድ ቅርጫት ያለበትን፣
ለአሥር ዓመት ባላየው የማይርበኝን ገንዘብ።
ማታ መነጽሬን አድርጌ ሪፖርት አነባለሁ፦
ምን ይሸጣል? ማን ይገዛዋል? ዕዳው ስንት ነው?
ግማሹ አይገባኝም።
ያልገባኝን አልገዛም።
የጠፋው አልተመለሰም፣ ልጄም ኮሌጁን በሥራ ነው የጨረሰችው፣
ይህን ስነግርሽ አንገቴን ደፍቼ ነው።

ተማርኩ ብዬም አልኮራ፤
ዛሬም ሦስት ሰዓት ሲሆን ይህች ጣት ታሳክከኛለች።

ምን ልግዛ አልሽኝ?
እንጃ።
ይኸውልሽ ዛጎል፣ አንሺው፣ በእጅሽ መዝኚው።
ከበደሽ? ሥጋ ነው ወይስ ውሃ?
ቢላዋውን በማጠፊያው በኩል፣ ቀስ ብለሽ...
ስልክሽ ጮኸ። ተዪው።
ጓንትሽን አታውልቂ።