አምስት ዋሻ

አርብ ከቀትር በኋላ ከሻርጃ ስንወጣ፣
መኪናችን የኪራይ፣ ኤሲዋ ነፍሷ የወጣ፤
ትርሲት መሪ ጨብጣ፣ ነጂሃ ከጎኗ፣
በሁለት ዓመት አንዴ የተገኘ ዕረፍት ቀኗ፤
እኔ ከኋላ ወንበር ሐብሐብ ታቅፌአለሁ፣
እንደሚያለቅስ ሕፃን በየመታጠፊያው አባብለዋለሁ።

ዕቅዳችን ባሕር ነበር።
ሁለት ሌሊት፣ አንድ ክፍል፣ ሦስት ፎጣ፣ አንድ ምንጣፍ፣
ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ አሸዋ ላይ መነጠፍ፣
የማንም እመቤት ደወል የማይቀሰቅሰው እንቅልፍ።

የመጀመሪያው ዋሻ አፉን ከፍቶ ሲውጠን
ትንፋሼን ያዝኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ነጂሃ ዞረችብኝ።
«አንቺ የተወለድሽው እዚሁ አገር ነው አይደል? የት?»
«ኮርፋካን።»
«የምንሄድበት?»
«የምንሄድበት።»
ትርሲት ሬዲዮኑን ዘጋች።
«ቤተሰቦችሽስ?»
«አሉ። ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት።»
«ካየሻቸው ስንት ጊዜሽ?»
ሁለተኛው ዋሻ ደረሰልኝ፤ መልሴን ይዤ ገባሁበት።

እውነቱን ልናገር፤
መንገዱ ሩቅ ሳለ፣ በማሳፊ ዞሮ፣
በጭነት መኪና ተዘግቶ፣ በተራራ ታጥሮ፣
በየወሩ እመጣ ነበር፣ ሆዴ እየታወከ፣
የእናቴ ክር፣ የአባቴ መድኃኒት ጉልበቴ ላይ እየተንከባለለ።
ኋላ ድንጋዩ ተፈለፈለ፤ ተራራው አምስት ቦታ ተበሳ፤
ሦስት ሰዓቱ አንድ ሆነ፤ እግሬም ቤቱን ረሳ።
ቅርብ ነው አልኩ። የትም አይሄዱም አልኩ። ነገ አልኩ።
ነገ ለካ ከዋሻ ይረዝማል፤ በወዲያ በኩል ብርሃን የለው፤
አራት ዓመት ሆነው።

ትርሲት ብዙ ዝም ብላ በመስታወቱ አየችኝ፣
«የእኔ እናት ሐይቅ ናት፤ ቲኬቱ የሦስት ወር ደሞዝ ነው» አለችኝ።
ሌላ አልጨመረችም። ቁጣም አልነበረባት።
ነጂሃ ሐብሐቡን ከእቅፌ ወስዳ በሻሿ ጠቀለለችው፣
«ባዶ እጅ አይገባም» አለች፤ ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው።
ሦስት። አራት።
አምስተኛው ተፋን፤ ባሕሩ ፊታችን ቆመ፤ ማንም አላየው።

ሰማያዊው በር ዛሬ አረንጓዴ ተቀብቷል፣
ከኤሲው የሚወርደው ጠብታ በቱቦ ተስቦ በቆርቆሮ የበቀለ ቃሪያ ያጠጣል፤
የአባቴ ብልኃት ነው፤ የማሽን ላብ እንኳ አያባክንም።
አንኳኳሁ። እጄ የእኔ አልመሰለኝም።

እናቴ ከፈተች። ዓይኗ ሞራ ለብሷል፣
እጇ ከፊቷ ቀድሞ ትከሻ ይዳስሳል፤
ያገኘችው ትርሲትን ነው። ጥምጥም አለችባት፣
«መሬሜ፣ ከስተሻል!» ብላ አንገቷን ሳመቻት።
ትርሲትም አላረመቻት፤ አልተላቀቀቻትም፤
እንደዚያ ያቀፋት ሰው በስድስት ዓመት የለም።
እኔ ከነጂሃ ኋላ፣ በተወለድኩበት ደጅ፣
ተራዬን ቆሜ ጠበቅሁ እንደ ባዳ ልጅ።

አባቴ የወደብ ዘበኛ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ሌሊቱን ለሰው መርከብ ሰጥቶ፣ እንቅልፍ የጠፋበት ውሉ።
ከአልጋው ጫፍ ተነሣ፤ አየኝ፤ ጊዜ ወሰደ።
«በማሳፊ ነው የመጣሽ?» አለኝ፣ ድምፁ እየወረደ።

አዲሱን መንገድ ያውቃል። የተመረቀ ለት
ጣሪያ ላይ ወጥቶ ርችቱን አይቷል እስከ እኩለ ሌሊት።
ያውቃል።
«ያ ጠመዝማዛ መንገድ» አለ፣ «ሩቅ ነው፤ ያደክማል፤
ልጅ ቢዘገይበት ማን ይፈርዳል?»
ሐብሐቡን ከፈለና የመሃሉን፣ ፍሬ የሌለበትን፣ ሰጠኝ።
«አዎ አባ» አልኩ፣ «ሩቅ ነው።» ጣፋጩ አነቀኝ።

ማታ የሆቴሉ ሰው ደወለ፤ ክፍሉ ተከፍሏል፤ አልሄድንም።
ትርሲት ራሷን በእናቴ ጭን ጥላ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኝታለች፤
ስልኩ ከጆሮዋ ሥር ሦስቴ ጮኸ፤
አልቀሰቀሳትም።